ጋቢ የተጋረደበት ሰሌዳ

መምህር ኃይለመስቀል ሞተው የተገኙት ጎባ ውስጥ ለልጆች ድርሰት በሚያስተምሩባት የኪራይ ክፍል፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተደገፉ ነው። ከእግራቸው ሥር ማንደጃ ነበር፤ ከሰሉ ነዶ አልቆ አመድ ሆኗል። የጎባ ብርድ ሰውን ከሰል አስለኩሶ በር ያስዘጋል፤ እንዲህ ተኝቶ የሚቀር ሰውም አይጠፋም።

ኢንስፔክተር ማስተዋል ከሮቤ ተጠርታ ስትደርስ ሳጅን ባዳሳ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ቆሞ ጠበቃት።

«አደጋ አይደለም። መስኮቱ ከውጭ በጆንያ ተጠቅጥቋል። ከሰሉ የመጣው ከተማሪያቸው ከፈርዶሳ ቤት ነው፤ መጨረሻ የወጣችውም እሷ ናት። ጣቢያ አስቀምጫታለሁ።»

«ምን ትላለች?»

«ነገ ፈተና አለብኝ እያለች ታለቅሳለች።»

ማስተዋል ብቻዋን የምትበላ፣ ብቻዋን የምታድር ሴት ናት። ሮቤ ከተዛወረች ወዲህ ስልኳ ከሥራ ውጭ ጠርቶ አያውቅም። እንዲህ የሚኖር ሰው ዕቃ አተኩሮ ማየት ይለምዳል። የመስኮቱ መዝጊያ ከመታጠፊያው ተነቅሏል። ከመስኮቱ ውጭ ያለው መሬት ጭቃ ነው፤ የሟቹ ጫማ ግን ንጹሕ ነበር። ሰሌዳው ላይ ነጭ ጋቢ ተጋርዷል።

«እንዲደርቅላቸው ሰቅለውት ይሆናል፤ ማንም አልነካውም» አለ ባዳሳ።

በዚህ ብርድ ቤት ውስጥ ጋቢ ይደርቃል ብሎ የሚያስብ ባዳሳ ብቻ ነው። ማስተዋል ጫፉን ገለጥ አደረገች። በጠመኔ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣ «ማንም የማያንኳኳው በር» ይላል። የራሷ በር ትዝ አላትና ከፋት። ቶሎ መልሳ ሸፈነችው፤ ለባዳሳም አልነገረችውም።

ጣቢያ ውስጥ ፈርዶሳ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ነገ ሮቤ የሚሰጠው የአዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ለሁሉም አንድ ነው፤ አንድ ርዕስ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ድርሰት። ያመለጠው ተማሪ ሌላ ዕድል የለውም።

«ወላሂ እኔ አልነካኋቸውም! ከሰሉን እናቴ ክረምት ላይ ላከችላቸው። አንድ ቀን እንኳ አላነደዱትም።»

«ለምን?»

«የፈተናው አዳራሽ እሳት የለውም፣ እጃችሁ ብርድ ይልመድ ይሉናል። መዝጊያውንም የነቀሉት ራሳቸው ናቸው። እኛ ስንንቀጠቀጥ እሳቸውም አብረውን ይንቀጠቀጣሉ።»

«ጋቢውስ?»

«ሁላችንም ከወጣን በኋላ የነገውን ርዕስ ይጽፉና ይጋርዱታል። ፈተና ላይ ቀድሞ የሚነግራችሁ የለም ይሉናል። ትናንት ስወጣ ገና ጠመኔ እየፈለጉ ነበር።» ዕንባዋን ጠረገች። «ነገ አብረውኝ ሮቤ ሊሄዱ ነበር። እዚያ ለሚሰበሰቡት ወላጆች የሚናገሩት ነበራቸው።»

«ምን?»

«ሮቤ ጋሽ ሚኪያስ ጋ የሚያጠኑት በሙሉ አንድ ድርሰት ነው የሚሸመድዱት። አምና ድርሰታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ስለተገኘ ፈተናቸው ተሰረዘባቸው። ወላጆቹ ምክንያቱን አያውቁም።»

አከራይዋ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ነገር አልደበቁም።

«ክፍሉን ለእህቴ ልጅ ፈልጌው ነበር፤ አልዋሽሽም ልጄ። ትናንት ልጅቷ ተሰናብታኝ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ እሳቸው መጥተው ማንደጃ ያውሱኝ አሉ። ስንት ክረምት ስለምናቸው እምቢ ያሉ ሰው! ሰጠኋቸውና ለቅሶ ቤት ሄድኩ።»

«ለምን ፈለጉት?»

«አልጠየቅኳቸውም። ፊታቸው ግን በርቶ ነበር።»

ሚኪያስ ሮቤ ላይ ትልቁን የማስጠኛ ቤት የከፈተ፣ የመምህሩ የመጀመሪያ ተማሪ ነው። አባቱ ሲሞት ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ጥቁር ለብሶ ግቢው ውስጥ ያለቅስ ነበር፤ ለቅሶውም የውሸት አይመስልም።

«መቼ ነው ያየሃቸው?»

«በጥምቀት። ከዚያ ወዲህ በስልክም አልተገናኘንም፤ ሥራው አላፈናፍን ብሎኝ። እኔ ራሳቸውን ያጠፉ ይመስለኛል፣ ኢንስፔክተር። ብቸኝነት ጎድቷቸው ነበር። ለልጅ ‹ማንም የማያንኳኳው በር› ብሎ ርዕስ የሚሰጥ ሰው ልቡ ደህና ነው?»

ማስተዋል አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ሁሉንም ወደ ክፍሉ እንዲያስገባ ባዳሳን አዘዘችው። ፈርዶሳም መጣች። አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል፤ ባዶውን ወንበር ግን ማንም ደፍሮ አልተጠጋውም።

«መምህሩ ለራሳቸውም ለተማሪም እሳት አያነዱም» ብላ ጀመረች። «ትናንት ግን ፊታቸው በርቶ ማንደጃ ለመኑ። ይህን የሚያደርጉት ለእንግዳ ነው፤ ያውም ለሚናፍቁት እንግዳ።»

ወይዘሮ ወለተ ማርያም «እሳት ሊሞቁ ነው፣ እሰይ ብዬ ነበር እኮ» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ጆንያው የተጠቀጠቀው ከውጭ ነው። የመምህሩ ጫማ ጭቃ የለበትም፤ ስለዚህ ራሳቸው አላደረጉትም። እንግዳው ሙቀቱ እስኪያስተኛቸው ጠብቆ፣ የቀረውን ከሰል ጨምሮ፣ ባዶውን ጆንያ ይዞ ወጣና መስኮቱን ጠቀጠቀበት።» ወደ ሰሌዳው ሄደች። «ፈርዶሳ፣ የዛሬው ርዕስ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። ገና አልተገለጠም።»

«እርስዎስ፣ እማማ?»

«እኔ ምኑን አውቄው!»

ማስተዋል ጋቢውን ሳበችው። «ይህ የተጻፈው ፈርዶሳ ከወጣች በኋላ ነው። ጠዋት እኔ እስክገልጠው ድረስ ማንም አልነካውም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። መምህሩ ርዕሱን ጽፈው ገና ሳይጋርዱት በሩ ተንኳኳ። አንተ ቃል በቃል ነገርከኝ፣ ሚኪያስ። ከጥምቀት ወዲህ ያላያቸው ሰው የት አነበበው?»

ሚኪያስ ወደ ባዶው ወንበር ዞረ።

«ልለምናቸው ነው የመጣሁት» አለ። «ማስጠኛ ቤቴን እንዳያዘጉብኝ። እጄን ይዘው ‹ሚኩዬ፣ በረደህ?› አሉኝ። እሳት አነደዱልኝ። ነገሩን ሳነሳባቸው ግን ‹ለወላጆቹ መናገሬ አይቀርም፣ ከዚያ እንደገና አብረን እንጀምራለን› አሉ። ከዚያ እጄን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው።»

ባዳሳ ይዞት ሲወጣ ፈርዶሳን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «ይቅርታ፣ ልጄ» ብሎ አለፈ።

ወይዘሮ ወለተ ማርያምም እያለቀሱ ወደ ቤታቸው ገቡ። ፈርዶሳ ግን ከሰሌዳው ፊት አልተነቃነቀችም።

«የዛሬውን አልጻፍኩም» አለች። «ሰዓት የሚይዝልኝም የለም።»

ሰው እንደሚፈልጋት ማስተዋል አታውቅም ነበር። የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጣት ነው፤ ሮቤ ላይ የሚጠብቃት ደግሞ የለም። ሰዓቷን ከእጇ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጀምሪ» አለቻት፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ።

ጆንያው በተነሳለት መስኮት ብርዱ ይገባል። ልጅቷ ወረቀቷ ላይ አጎነበሰች፤ ማስተዋልም ጃኬቷ ውስጥ ተኮራምታ አብራት ተንቀጠቀጠች።