ቀለም የተቀባው ብየዳ

በያጁ ሚልክያስ ማጅራቱን በመዶሻ ተመትቶ በወርክሾፑ ጓሮ ተደፍቷል። ኢንስፔክተር አረጋሽ ከጂንካ ስትደርስ ዘበኛው ሻንቆ በአንድ ፖሊስ እየተጠበቀ በካቴና ታስሮ አገኘችው፤ ሟቹን አነሣለሁ ብሎ ሸሚዙ በደም ርሷል።

«ምን ትደክሚያለሽ እህቴ?» አላት መሐንዲሱ ባሮክ ከላይ እስከ ታች እያያት። «ለዘበኛ ደግሞ ምርመራ! ጫኚውና ሂጂ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ብየዳው ላይ። ኤሌክትሮስላግ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የት ሰምተሽ!» የቆሙ ሁለት ወፋፍራም ላሜራዎችን አሳያት። «ክፍተታቸው ከታች ወደ ላይ በቀለጠ ብረት ይሞላል። የማቅለጫውን ዱቄት በእጄ እየጨመርኩ እጠብቀዋለሁ። ጥዬው ከሄድኩ ማሽኑ ይጠፋል፤ ከጠፋ ደግሞ መሀሉ ላይ ጠባሳ ይቀራል። ሰው ሲጮህ ገና መጨረሴ ነበር። ገባሽ?»

«ይድገሙልኝ» አለች። መስማት አይታክታትም። እሱም ለሕፃን እንደሚያስረዳ ደገመላት።

የንብረት ክፍል ሠራተኛዋን ሽታዬን ለብቻዋ ጠየቀቻት።

«ሚልክያስ ከማን ተጣልቶ ነበር?»

«ከኢንጂነሩ ነዋ! ያለፈው ብየዳህ ተሰንጥቋል፣ ለተቆጣጣሪዎች እናገራለሁ ቢለው፣ ‹አንተ ደግሞ ሰው ሆነህ!› ብሎ ሳቀበት።»

«ዛሬስ ምን ሰማሽ?»

«ማሽኑ ሲያጉረመርም ቆይቶ ዝም አለ። መብራት ሄደ ብዬ ቀና ስል አምፖሉ በርቷል። ኋላ እንደገና ተነሣ።»

አረጋሽ ሁሉንም ላሜራው ዘንድ ሰበሰበች።

«ሌሎቹ ብየዳዎች የጥራት ምርመራ ስለሚጠብቁ ቀለም አልተቀቡም። ይሄ ብቻ ወገቡ ላይ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ተቀብቷል። ቀለሙም አረፋ አውጥቷል፤ ብረቱ ሳይበርድ ነው የተቀባው። ሰው ወደ ሬሳው ሲሮጥ እርስዎ ቀለም ይቀቡ ነበር።»

በቢላዋ ፋቀችው። የብረት መሞረጃ ግራይንደር ጭረትና ጎድጓዳ ጠባሳ ወጣ።

«መብራት ጠፍቶ ነው!» አለ ባሮክ።

«የሽታዬ አምፖል አልጠፋም። ጥለውት የሄዱት እርስዎ ነዎት። ሚልክያስን ገድለው ሲመለሱ ብየዳው ቆሞ አገኙት፤ ቀጠሉት፣ ጠባሳውን ፋቁት፣ ቀለም ደፉበት።»

ባሮክ ወደ እሷ ተጠጋ። «ማን አስተማረሽና ነው?»

«እርስዎ። ያውም ሁለት ጊዜ።»

ፖሊሱ የሻንቆን ካቴና ፈትቶ ወደ መሐንዲሱ ዞረ።

«በዘበኛ ካቴና? እኔን?»

«ካቴና ዲግሪ አይጠይቅም» አለች አረጋሽ።

ሻንቆ የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ ጓሮ ወጣ። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ የሚልክያስን ፊት ሸፈነና «ነፍስህን ይማር፣ ወንድሜ» አለ። ባሮክን ዞሮ እንኳ አላየውም።