ያልሰካችው ገመድ

ገመዱ ተሰክቷል።

ሲምቦ ደረጃው ላይ ደርቃ ቀረች። ትናንት አልሰካችውማ! ማታ ስልኳ ላይ ተጥዳ ቆይታ፣ አልጋ ውስጥ ከገባች በኋላ ትዝ ሲላት፣ «በዚህ ብርድ ማን ይወጣል?» ብላ ተከናንባ ተኝታለች። አሁን ግን ብርቱካናማው ገመድ ከቤቱ ግድግዳ ተነስቶ፣ በረዶው ላይ ተጋድሞ፣ በአባቷ መኪና አፍንጫ ስር ገብቷል።

ጠጋ አለች። ከኮፈኑ ስር ሊፈላ እንደተቃረበ ማንቆርቆሪያ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማል። በብርድ መኪናው እንዲነሳ በኤሌክትሪክ የሚሰካው ብሎክ ሂተር ሌሊቱን ሞተሩን ሲያሞቅ አድሯል ማለት ነው። የቤቱና የመኪናው ገመድ የተጋጠሙበት ቦታ በረዶ እንዳይገባው በቢጫ የዳቦ ፌስታል ተጠቅልሎ ተቋጥሯል። እነሱ ቤት እንዲህ አድርጎ የሚያስር ሰው የለም። በዚያ ላይ የእግር ዱካ አይታይም። አንድም!

የሚኖሩባት የኩን ራፒድስ ከተማ ንፋስ በረዶውን ሲጠርግ እንደሚያድር ታውቃለች። ቢሆንም ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

«ሰክተሽው ነበር አይደል?» አለ አባቷ ዲንሳ፣ ቁልፉን እያንቃጨለ ብቅ ብሎ።

«የስ፣ አባ። ሰክቼዋለሁ።»

«ጎበዝ! እስከ ዓርብ ሳትረሺ ከሰካሽ የፐርሚትሽን ወረቀት እፈርምልሻለሁ።»

ሲምቦ አስራ አምስት ዓመት ሞልቷታል። መኪና ለመለማመድ ፐርሚት ያስፈልጋታል፤ ለፐርሚቱ ደግሞ የአባቷ ፊርማ። ዲንሳ መንዳት ከመንከባከብ ይጀምራል ባይ ነው፤ እናም ይህንን ሳምንት መፈተኛዋ አደረገው። ይህ የሆነው ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ማክሰኞ ማታ፣ ዳግም ይሰካ እንደሆነ ለማየት፣ አውቃ ተወችው። ረቡዕ ጠዋት ተሰክቶ፣ በፌስታል ታስሮ ጠበቃት። ረቡዕ ማታም ተወችው፤ ሐሙስ ጠዋትም እንደዚያው ተሰክቶ አገኘችው። ምሳ ሰዓት ላይ ለጓደኛዋ ለሳብሪና ብትነግራት፣ ሳብሪና ዓይኗን አፈጠጠች።

«አንቺ! ጂኒ አለባችሁ እንዴ?»

«ስቶፕ፣ አታስፈራሪኝ!»

«ምን ያስፈራል? ሥራ የሚወድ ጂኒ ነው። ለእኛ ቤትም ላኪልን፣ እቃ ያጥባል።»

ሳቁ። ሲምቦ ግን ከሆዷ አልሳቀችም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁርጧን ለማወቅ ወሰነች። ገመዱን እንደተነቀለ ትታ፣ የክፍሏን መብራት አጥፍታ መስኮቱ ስር ተቀመጠች። ገና አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውጭው ጨልሟል። ንፋሱ በረዶውን እንደ ጭስ ያንሳፍፈዋል። ማንም አልመጣም።

እራት ላይ እያሉ ግድግዳው ነገር አመጣ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ዝም አለ። እንደገና፣ ቷ፣ ቷ፣ ቷ።

«አባ፣ ምንድነው እሱ?»

«ቤቱ ነዋ» አለ ዲንሳ፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ብርድ ሲጠና እንጨቱ ይንጣጣል።»

ክፍሏ ስትገባም ድምፁ ተከተላት። ፈራች። ሄድፎኗን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ሙዚቃውን ከፍ አድርጋ ተኛች።

ዓርብ ጠዋት ብርዱ ማይነስ ሃያ ሰባት ዲግሪ ነበር። ገመዱ ትናንት እንደተወችው በረዶው ላይ ተጋድሟል። ዲንሳ ቁልፉን ሲያዞር መኪናው አንዴ አቃሰተና ቀጥ አለ።

«ሲምቦ! አልሰካሽም እንዴ?»

ንፋስ ነቅሎት ይሆናል የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የፐርሚቱ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስክሪብቶውም አጠገቡ። አፏን ስትከፍት ግን ዓይኗ የጎረቤታቸው ትራክ ላይ አረፈ።

ጎረቤታቸው አቦይ ተኸስተ ናቸው፤ ቤታቸው ከእነሱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ። ጡረታ የወጡ የኤርትራ ሰው፣ የድሮ መካኒክ፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ። ሰው ሲያዩ የኮፍያቸውን ጫፍ ነክተው ያልፋሉ፤ ከዚያ በላይ ወሬ የለም። ጠዋት ጠዋት በመንደሩ ቀድሞ የሚነሳው የእሳቸው ትራክ ነው። ዛሬ በረዶ እንደለበሰ ቆሟል። ገመዱ ከፊቱ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይ ቢጫ የዳቦ ፌስታል በንፋሱ ይርገበገባል።

ሲምቦ የማታው ድምፅ ትዝ አላት። ትናንት ግድግዳው ሦስት መትቶ ነበር ዝም የሚለው። ሁልጊዜ ሦስት። የሚንጣጣ እንጨት አይቆጥርም።

«አባ፣ አቦይ ተኸስተን እንያቸው።»

«አሁን? ተኝተው ይሆናላ! እሳቸው ሲረብሿቸው አይወዱም። የጠየቅሁሽን መልሺልኝ።»

ሲምቦ እንባዋ ሽፋሽፍቷ ላይ በረዶ ሆኖ ሲደርቅ ተሰማት።

«አልሰካሁም፣ አባ። ሳምንቱን ሙሉ አልሰካሁም። ዋሽቼሃለሁ። ሲሰኩልኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ፌስታሉን እየው! ትናንት ግን አልመጡም። ግድግዳውን ሲመቱ የነበሩትም እሳቸው ናቸው!»

ዲንሳ ፌስታሉን አየ። ከዚያ ቁልፉን በረዶው ላይ ጥሎ ሮጠ።

በሩን ደበደቡት። መልስ የለም። ሲምቦ ኮፍያዋን አውልቃ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ከወለሉ አካባቢ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ቷ፣ ቷ፣ ቷ።

«አሉ! አባ፣ አሉ!»

ዲንሳ የጠራው አምቡላንስ ደርሶ ሲያወጧቸው ፊታቸው አመድ መስሏል። ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ግድግዳውን በማንኪያ ሲመቱ ነበር። ቃሬዛው በአጠገቧ ሲያልፍ በጣታቸው ጠሯት። ጎንበስ አለች።

«መኪናው ተነሳ?» አሉ በሹክሹክታ።

«አልተነሳም፣ አቦይ።»

«አይዞሽ። ለአባትሽ አልተናገርሁም።»

«እኔ ነግሬዋለሁ» አለች ሲምቦ፣ እንባዋን መግታት አቅቷት። አቦይ ተኸስተ ባልነበረው ኮፍያቸው ጫፍ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነበር። ዲንሳ ስለ ወረቀቱ ምንም አላነሳም፤ እሷም አልጠየቀችውም። አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የቀረውን ዳቦ ሳህን ላይ ገለበጠችና ባዶ ፌስታሉን ይዛ ወጣች።

የአባቷን መኪና ሰክታ፣ ጠቅልላ ቋጠረች። ወደ ትራኩም ተሻገረች። በቅርቡ የሚነዳው ሰው እንደሌለ ታውቃለች። ቢሆንም ሰካችው፤ ፌስታላቸውን እንደ እሳቸው አድርጋ አሰረችው። ጓንቷ ውስጥ ጣቶቿ እየደነዘዙ፣ ከኮፈኑ ስር ያ ዝዝዝ የሚለው ድምፅ እስኪሰማት ድረስ ቆማ ጠበቀች።