ጭጭ ያለው ክፍል

የጽዳት ሠራተኛዋ ምክትል ርዕሰ መምህሩን ከደረጃው ግርጌ ሞተው አግኝታ ስትጮኽ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ገና አላለቀም ነበር። የኮታቸው ኮሌታ ተተርትሯል፤ አንድ ሰው ጨምድዶ ይዞ ገፍትሯቸዋል።

መርማሪዋ ብዙም ሳትቆይ ደረሰች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ከመጠየቅ ይልቅ ማዳመጥ የሚቀናት ሴት ናት። በዚያ ሰዓት ፎቁ ላይ የነበሩት ሁለት መምህራን ብቻ መሆናቸውን ወዲያው አረጋገጠች፤ ወጣቷ የሳይንስ መምህርትና ተማሪዎች «አርጩሜ» የሚሏቸው አንጋፋው የሒሳብ መምህር።

ርዕሰ መምህሩ ግን ፍርዱን ጨርሰው ነበር የጠበቋት። ቢሯቸው ከሁለቱ ክፍሎች ሥር ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ጩኸት እስኪሰማ ድረስ የሳይንሱ ክፍል ሲንጫጫ፣ የሒሳቡ ጭጭ ብሎ ነበር።

«መምህር ያለበት ክፍል እንዲያ አይንጫጫም። ጥላቸው ወጥታ ነው» አሉ። «ጠዋትም በዚሁ ጫጫታ ምክትሌ ማስጠንቀቂያ ጽፎባት ሲጨቃጨቁ ነበር።»

መምህርቷ ልጆቹን በቡድን እያወያየች እንደነበር አስረዳች። ልጆቹን ጠይቁ ብትልም፣ ርዕሰ መምህሩ ለእሷ ያደላሉ ብለው አጣጣሉት። የፖሊሱ መኪና መምህርቷን ሊወስድ በር ላይ ቆሟል። መርማሪዋ አንጀቷን በላቻት፤ አንጀት ግን ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ፎቅ ወጣች። ተማሪዎቹ ወላጆቻቸው እስኪመጡ በየክፍላቸው እንዲቆዩ ተደርጓል። አርጩሜ አሁንም ያስተምራሉ፤ አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ የማባዛት ሠንጠረዥ ሲል መስኮቱ ይርገበገባል። በእጇ ጠራቻቸው። እግራቸው ከበሩ እንደወጣ ክፍሉ ጸጥ ረጭ አለ። የክፍል አለቃዋ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው አጠገብ ቆመችና ጓደኞቿን በዓይኗ ትቃኝ ጀመር።

«በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ምን ነበር ያስተማሩት?»

«ይኼንኑ ማባዛት። እንደ ልማዴ አብረው እየጮኹ ነው የሚማሩት። ከክፍሌ ንቅንቅ አላልኩም።»

አመስግናቸው ከሳይንሱ ክፍል የቡድኖቹን ወረቀት ሰበሰበችና የሟቹን ቢሮ ልትፈትሽ ወረደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩንና ሁለቱን መምህራን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የሳይንሱ ክፍል ስድስት ቡድን ነበረው» ብላ ጀመረች። «የሁሉም ወረቀት ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው በመምህርቷ ቀይ ብዕር ታርሟል። ልጆቹም የሳቱትን እዚያው አስተካክለው ቀጥለዋል። ውጭ የቆመ ሰው እንዲህ አያርምም።»

ርዕሰ መምህሩ ስለ ጫጫታው ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ። እሱ መማር ነው ብላ አለፈቻቸውና ወደ ሒሳብ መምህሩ ዞረች።

«እርስዎ ሲያስተምሩ ክፍልዎ ይጮኻል፤ እኔም ሰማሁ፣ እርስዎም ነገሩኝ። ሲወጡ አለቃዋ ያወራውን ልጅ ስም ትጽፋለች፤ የተጻፈው ይገረፋል። ስለዚህ ትንፍሽ የሚል የለም። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሰሙት ያንን ጸጥታ ነው።»

ከሟቹ መሳቢያ ያገኘችውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የሒሳብ መምህሩ የአንዲት ተማሪን ጣት በዱላ በመስበራቸው ከሥራ መታገዳቸውን ይገልጻል፤ ቀኑም የዛሬ ነው። መምህርቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። ያንን ጸጥታ በየስብሰባው ለሌሎች አርአያ ሲያደርጉ የኖሩት ርዕሰ መምህር አንገታቸውን ደፉ።

አርጩሜ ከደብዳቤው ቀና አሉ።

«ከልጆቹ የትኛው ነው የተናገረው?»

«አንዳቸውም አልተናገሩም» አለች መርማሪዋ። «ያስያዘዎት ዝም ማለታቸው ነው።»