አራተኛ ፎቄን በምድር ቤት የለወጥኩ ጊዜ

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፣ ሥራዬ ሰው ቤት ገብቼ መስኮት መለካት ነው፣ ስንት ቤት ገብቻለሁ መሰላችሁ፣ ሰው የሞተበት፣ ባልና ሚስት በድንገት ጥለውት የወጡት፣ «እዚህ ክፍል ብቻዬን አልተኛም» የሚባልለት ሁሉ፣ ለክቼ ወጥቻለሁ፣ አንድም ቀን ፀጉሬ ቆሞ አያውቅም። እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ በልቤ «እንቅልፍ አንሶት ነው» እላለሁ። ዛሬም ቢሆን አምናለሁ አልላችሁም። የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ፣ የፈለጋችሁትን በሉት።

በኮሮናው ዓመት ካምፓላ ውስጥ ቡኮቶ ነበር የምኖረው፣ አንድ የቤቶች ማኅበር ገቢያቸው አነስ ላለ ሰዎች በሚያከራየው ፎቅ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለው ምን የለው። እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ እንደመጣች ኤርፖርቱ ተዘጋና እዚሁ ቀረች። ጉልበቷ ታማሚ ነው፣ የመጣች ዕለት ሁለት ሰው ደግፎ አወጣትና ከዚያ ወዲያ አልወረደችም፣ ወራት ሙሉ። «እስር ቤት አመጣሽኝ» እያለች ትስቅ ነበር፣ አንድ ቀን ሳትስቅ አለችው። ያን ቀን ነው ወደ ማኅበሩ ቢሮ የሄድኩት።

ማኅበሩ ሁለት ተከራዮች ከተስማሙ ቤት መለዋወጥ ይፈቅዳል። ኪሱጉ ምድር ቤት ያለው አንድ ሽማግሌ መለወጥ ይፈልጋል አሉኝ። ኪሱጉ ማለት ደግሞ ካባላጋላ ካለው ሱቄ በእግር የሚደረስበት ነው፣ ታክሲ ግማሽ ሰው ብቻ በሚጭንበት፣ ቦዳ የሚሉት ሞተር ሳይክል ሰው አትጫን በተባለበት ጊዜ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሽማግሌው ሙሶኬ ይባላሉ፣ እዚህ ትልቅ ሰው «ምዜ» ተብሎ ስለሚጠራ እኔም ምዜ ሙሶኬ አልኳቸው፣ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ በከዘራ የሚሄዱ ሰው ናቸው። ቤቱ ሁለት ክፍል፣ ንጹሕ፣ ደረጃ የሚባል የለው፣ እግር አንስቶ መግባት ብቻ። ማታለል አልወድምና ፊት ለፊት ነገርኳቸው።

«ምዜ፣ የእኔ አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፣ እርስዎ ደግሞ በከዘራ ነው የሚሄዱት።»

«ነግረውኛል፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግልዎት ነው?»

ወደ ኋለኛው መስኮት ዞር ብለው አዩ፣ መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኖ በምስማር ተመትቷል። «እዚያ ላይ በመስኮት በኩል ሰው አያልፍም» አሉኝ። ሌባ መሰለኝ፣ ሌባ ደግሞ የትም አለ፣ ፈረምን።

እንደገባን መጀመሪያ ያደረግኩት ካርቶኑን ነቅሎ መጣል ነው፣ መጋረጃ ሰፊ ቤት ካርቶን የተመታበት መስኮት ሊኖር ነው እንዴ፣ የእናቴን ወንበርም እዚያው አደረግኩላት። ከመስኮቱ ኋላ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ የግቢ አጥር ግንብ አለ፣ ብርሃን የሚገባው ከላይ ነው። እናቴን ብታዩዋት፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ቋንቋ ሳይገባት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ማቶኬ የሚሉትን ጥሬ ሙዝ ትልጣለች፣ ፊቷ ተመለሰ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከሥራ ስገባ፣ «ያ በጓሮ የሚያልፈው ሰውዬ እንዴት ጨዋ ነው» አለችኝ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ባርኔጣ ያደረገው ነዋ። ሁልጊዜ ሲመሽ ቆም ብሎ ሰላም ይለኛል፣ የሚለውን ባልሰማም እግዜር ይመስገን እለዋለሁ።»

እመኑኝ፣ በመጀመሪያ የፈራሁት እናቴ ማርጀቷን ነው፣ አእምሮዋ ሊሄድብኝ ነው ብዬ። በማግስቱ ጠዋት በግንቡና በቤቱ መካከል ያለውን ክፍተት ዞሬ አየሁት። በአንድ ወገን የውሃ ታንከር ዘግቶታል፣ በሌላው አሮጌ ቆርቆሮ ተደግፎበታል፣ አንገቴን አሾልኬ ሳይ ጭቃ፣ ዝገት የበላው ጣሳ፣ ከግንብ እስከ ግንብ የተዘረጋ የሸረሪት ድር። ድመት እንኳን በጎኗ ካልሆነ አታልፍም።

የዚያን ዕለት ምሽት ከእናቴ ጋር ቁጭ አልኩ። ሰዓት እላፊው ገና መግባቱ ነው፣ ደጁ ጭር ብሏል። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ጫማ ጠጠር ሲረግጥ፣ ቀጭ ቀጭ፣ እዚያ ግን ጭቃ እንጂ ጠጠር የለም፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ ከደረቱ በላይ አንድ ሰው ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ ሽርሽር ቀስ እያለ፣ መስኮቱ መሐል ሲደርስ ቆመ። ባርኔጣውን አየሁ፣ ፊቱን ግን አላየሁም፣ ጨለማ ነበር እንዳልል የባርኔጣው ክር ሳይቀር ይታየኛል።

«ኦሲቢዬ ኦትያ፣ ኛቦ» አለ። እንዴት ዋልሽ እመቤቴ ማለት ነው፣ የአገሬው የምሽት ሰላምታ ነው።

«እግዜር ይመስገን፣ አንተስ» አለች እናቴ በአማርኛ።

ባርኔጣው ጎንበስ አለና አለፈ። የጠጠሩ ድምፅ ደግሞ እየራቀ አይደለም የጠፋው፣ እንደተዘጋ ራዲዮ ቀጥ ነው ያለው። የስልኬን መብራት ይዤ ሮጬ ወጣሁ። ድሩ እንደነበረ ነው።

ለጓደኛዬ ብነግራት «ነገ ዛሬ ሳትይ ውጪ» አለችና ጠበል አመጣችልኝ፣ እናቴ ጉልበቷን ተቀባችበት። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ በለጠብኝ። እናቴ መሬት እንድትረግጥ ስንት ደጅ ጠንቼ፣ ለአንድ ባርኔጣ ብዬ አራተኛ ፎቅ ልመልሳት? በጭራሽ።

በማግስቱ ሲመሽ መስኮቱን ከፍቼ ቆምኩ። ጠጠሩ መጣ፣ ባርኔጣው መጣ፣ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ ሉጋንዳዬ።

«ስማ፣ እኔ ወይንሸት እባላለሁ። ይኼ ቤት አሁን የእኔ ነው፣ በሕግ ተለዋውጠናል። ምዜ ሙሶኬን ከሆነ የምትፈልገው ቡኮቶ ገብተዋል፣ አራተኛ ፎቅ። እዚህ የሚያሳልፍህ መንገድ የለህም፣ ሂድ።»

ባርኔጣው ወደ እኔ ዞር አለ። ከዚያ በጠራ አማርኛ፣ የአዲስ አበባ ልጅ እንደሚለው አድርጎ፣ «እሺ፣ ወይንሸት» አለኝ።

እናም ለመጀመሪያ ጊዜ በመጣበት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አልመጣም። እናቴ እንዲያውም ተቀየመችኝ፣ «ሰላም ያለሽን ሰው እንዲህ ታመናጭቂያለሽ?» እያለች። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ፣ ምዜ ሙሶኬ እስኪደውሉልኝ ድረስ።

«እናትሽ ደህና ናቸው?» አሉኝ። «ልጄ፣ የት እንደሄድኩ ነገርሽው?»

«ማንን?» አልኩ።

«እዚህ የመኝታ ቤቱን መስኮት ታውቂዋለሽ። ከሥሩ ምንም የለም፣ አየር ነው። ትናንት ሲመሽ አንድ ሰው አለፈ።»

«ሰላም አለዎት?»

«አለኝ። ግን በእኛ ቋንቋ አይደለም።» ከዚያ ቃሉን እንደ ሕፃን ልጅ እየቆራረጡ አወጡት። «እን-ደም-ን አ-መ-ሹ። ይኼ የእናንተ ቋንቋ አይደለም?»

ነው አልኳቸው፣ ምን ልበል። ቤቱን መልሰን እንለዋወጥ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ምዜ፣ እናቴ ደረጃ መውጣት አትችልም» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ፣ ቁጣም የለባቸው፣ ስልኩን ዘጉት። ሰንብቼ ብደውል አይጠራም፣ ቢሮው ቁልፍ አስረክበው ወደ ዘመዶቻቸው መንደር ሄዱ አለኝ። ከዚያ ወዲያ የት እንዳሉ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ኤርፖርቱ ሲከፈት እናቴ በገዛ እግሯ ከደጄ ወጥታ መኪና ገባችና ወደ አገሯ ሄደች፣ ለዚያ ነበር የታገልኩት፣ አልጸጸትም። እኔ እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ፣ ማንም አያስወጣኝም። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፣ ሰው ከኋላዬ ሰላም ሲለኝ ዞሬ ፊቱን ሳላይ አልመልስም። እዚህ አገር ሰላምታ አለመመለስ ትልቅ ነውር ነውና ጎረቤቶቼ ኮራች ይሉኛል፣ ይበሉ።

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስገባ አንድ ሰው ከኋላዬ «እንደምን አመሸሽ፣ ወይንሸት» አለኝ። አካባቢው ሐበሻ የሞላበት ነው፣ ደንበኞቼ ስሜን ያውቁታል፣ ማንም ሊሆን ይችላል። ዞርኩ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ገባሁ፣ የኋለኛውን መስኮት ወለል አድርጌ ከፈትኩና ወንበሬን ፊት ለፊቱ ስቤ ተቀመጥኩ።