የወፍጮ ቤቱ ጉጉት

ጉጉቷ ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ሥር ጎጆ የሠራችው ባለወፍጮው በሞተ በሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ወደ ላይ ቀና ብላ አታውቅም። «ሌላ ሰው ልትወስድ ነው የመጣችው» ትላለች፤ እንዲህ ስትልም ዓይኗ አንዲት ልጇ ላይ ነው።

ልጅቷን ግን የሚያስፈራት ጉጉቷ ሳትሆን ጉጉቷን ሊያጠና የሚመላለሰው ወጣት ነበር። ሲመጣ ልቧ አላርፍ ይላታል። እሱ ጉጉቷ የተፋቻቸውን ግራጫ እንክብሎች ከወለሉ ይለቅምና ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ በመርፌ ይፈለፍላቸዋል።

«አይጧን ሳታላምጥ ትውጣለች» አላት አንድ ከሰዓት። «ሥጋውን ታስቀርና አጥንቱንና ፀጉሩን ጠቅልላ ትተፋዋለች።»

«ባለሙያ ናት በለኛ!»

ሳቀ። «ወንዱ ደግሞ ሴቷን ሲፈልግ አይጥ ይዞላት ይመጣል።»

«አንተስ? ባዶ እጅህን ነው እንዴ የምትመላለሰው?»

መርፌውን አስቀምጦ አያት። ወፍጮው ቆሞ ስለነበር የሁለቱም ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

በሳምንቱ ልጅቷን እንድትድርለት እናቷን ጠየቀ።

«አንተ ጥሩ ልጅ ነህ» አለች እናት። «ግን ያቺ ወፍ እላዬ ላይ ተቀምጣ ልጄን አልድርም። ሬሳ ነው የምትጠራው።»

«ጫጩቶቿን ነው የምትጠራው፣ እማማ። ሁለት ወር ይታገሡኝ፤ ክንፍ ሲያወጡ ይሄዳሉ።»

«እንግዲያው ያኔ ና።»

ሁለት ወር ለልጅቷ ሁለት ዓመት ሆነባት። አይጡ ከጠፋ ጉጉቷ ርቧት ትሄዳለች ብላ አሰበች። ለማንም ሳትናገር ሰማያዊውን የአይጥ መርዝ በግድግዳው ቀዳዳዎች ውስጥ አስቀመጠች።

አይጦቹ መንገዳገድ ጀመሩ። የሚንገዳገድ አይጥ ደግሞ ለጉጉት ለመያዝ ቀላል ነው። ይህ አልታሰባትም።

በአሥረኛው ቀን ወጣቱ ሲገባ ጉጉቷ ክንፏን ዘርግታ ወለሉ ላይ ሞታ ወድቃለች። አጠገቧ ያለውን እንክብል አንስቶ በመርፌ ከፈተው። በአጥንቶቹ መሃል ሰማያዊ ፍርፋሪ ወጣ።

«መርዝ ያስቀመጠው ማነው?»

እናት የልጇን ፊት አየች። «እኔ ነኝ» አለች ፈጥና። «ፈርቼ ነው።»

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ፤ አምኗታል። ልጅቷ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«ለእኔ ብላ ነው» አለች ልጅቷ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ሁለት ወር መጠበቅ አቅቶኝ ነው።»

እሱ ወደ ጎጆው የሚያደርሰውን መሰላል ወጣ።

«ምነው አፍሽን ብትይዢ!» አለች እናት በሹክሹክታ። «ሄደልሽ፣ አለቀ!»

ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ወረደ። ከሦስቱ ጫጩቶች ሁለቱ ሞተዋል። አንዷ ቆቡ ውስጥ ሆና ደከም ባለ ድምፅ ታፏጫለች።

«በየቀኑ አይጥ ትፈልጋለች» አለ ልጅቷን ሳያይ። «ከዚህ ቤት ግን አይሆንም። መርዝ ካልነካው ቦታ፣ በወጥመድ።»

«እኔ አመጣለሁ።»

«ብትሞትስ?»

«ብትሞትም እነግርሃለሁ። ከእንግዲህ የምደብቅህ ነገር የለም።»

ቀና ብሎ አያት። ቁጣው ከፊቱ አልጠፋም። ቢሆንም ቆቡን ወደ እሷ አቀረበ። «ቀስ ብለሽ ያዣት።»

«ምን ትገተራላችሁ? ብርድ ይመታታል!» አለች እናት፤ የአንገት ልብሷን አውልቃ ጫጩቷ ላይ ጣል አደረገች።

መርዙ ወደ ጫጩቷም ሆድ ገብቶ እንደሆነ ገና ማንም አላወቀም። ወጣቱ ግን እጆቹን ከልጅቷ እጆች ሥር አላነሳም።