ደህና ሆነው የታዩበት ሰዓት

ፕሮፌሰር ላቢብ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእስክንድርያን ሰው ከስትሮክ ሲያድኑ ኖረው፣ በገዛ ሆስፒታላቸው በስትሮክ ሞቱ። ትኩሳት ይዟቸው፣ ግሉኮስ ተተክሎላቸው ተኝተው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፋቸው ተጣሞ፣ ራሳቸውን ስተው ተገኙ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ።

ምክትላቸው ዶክተር ራጊብ በቴሌቪዥን ቀርቦ አለቀሰ። ሽቶ የተቀባ ለቅሶ ነበር፣ ልጆቼ።

አስከሬኑ ሲመረመር ሌላ ጉድ ወጣ። ግሉኮሱ ውስጥ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ከልክ በላይ ተጨምሯል፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ያፈሰሰው እሱ ነው። የመድኃኒቱ ቁምሳጥን ቁልፍ ደግሞ ሲስተር ነጃት ወገብ ላይ ነው የሚውለው።

መርማሪው ሻለቃ ዙህዲ መጀመሪያ እሷን ጠየቀ።

«ቁልፉን ሌላ ማን ይይዛል?»

«ዶክተር ራጊብ። እንደኔ እያንሿሿ አይዞርም እንጂ አንድ አለው።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። ‹ልተኛ፣ ማንም አይግባብኝ› አሉኝ፤ ተውኳቸው። ጌታዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግያቸው በሳቸው ደም ልታሰር ነው?»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«የተጣሉት ከዶክተር ራጊብ ጋር ነው! በጥናቱ ‹ድነው ተራመዱ› ብሎ የጻፋቸውን ሕሙማን ወስጄ አሳየኋቸው። አንዷ ማንኪያ እንኳ አታነሳም። በጉባኤ አጋልጠዋለሁ ብለው ነበር።»

ራጊብ ሻለቃው ሲገባ ከወንበሩ አልተነሳም።

«የነርስ ወሬ ሰምተህ መጣህ? እኔ ከጠዋት ወዲህ አላየኋቸውም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሷ ስትጮህ ነው ከሌሎቹ ጋር የሮጥኩት።»

ዙህዲ የሟቹን የሕክምና ካርድ ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ሠራተኛውን ሁሉ በፕሮፌሰሩ ክፍል ሰበሰበ።

«ዶክተር፣ ስትሮክ የመታው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይጠይቃሉ?»

«ይሄን ጀማሪም ያውቀዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው እንላለን። የሕክምናው ጊዜ ከዚያ ሰዓት ነው የሚቆጠረው።»

«ወድቆ የተገኘበትን ሰዓት አይጽፉም?»

«እንደዚያ የሚጽፍ ደንቆሮ ነው!»

«ጎሽ። ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

ራጊብ ካርዱን አየ።

«የኔ።»

«‹ደህና ሆነው የታዩበት፦ ስምንት ሰዓት ከአሥር› ይላል። ነጃት ያየቻቸው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ገባሁ ያለ ሰው የለም። አንተም ከጠዋት ወዲህ አላየሁም ብለሃል። ታዲያ ስምንት ከአሥር ላይ ደህና መሆናቸውን ማን ነገረህ?»

ራጊብ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ልንገርህ። በዚያች ሰዓት መድኃኒቱን ስትጨምር ደህና ሆነው አየሃቸው። በኋላ በሩጫው መካከል ካርዱን ስትሞላ፣ አፍህ ውሸት ሳያዘጋጅ የለመደ እጅህ እውነቱን ጻፈ። ሕሙማን ተራመዱ ብሎ የዋሸ እጅ!»

«ሃያ ዓመት ተማሪያቸው ነበርኩ!» አለ ራጊብ።

«ነበርክ። ከትምህርታቸው ሁሉ አንዲቷን ብቻ ያዝክ፤ እሷው አሳሰረችህ።»

ነጃት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀምጣ፣ ስለ ሽማግሌው ገና አሁን አለቀሰች።