የለሜሳ እጅና የውዳሴ ሽማግሌዎች

ምትኩ ገና በመጀመሪያው የዳኝነት ቀኑ የባልደረባው የዳኛ ውዳሴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከሰብሳቢው ዳኛ በስተቀኝ የሚቀመጠው በሹመት የሚቀድመው ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ትናንት የተሾመ!

«ይቅርታ፣ ያንተ በግራ በኩል ነው» አለችው ውዳሴ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እያየ።

በኀፍረት ላብ አጠመቀው። ከችሎት ሲወጡ ግን ጠጋ ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ ተቀመጥ ያልሽኝ ቦታ እቀመጣለሁ» አላት። ሳቋን መያዝ አልቻለችም። በዚያው ፍቅር ያዛቸው። በ1989 ዓ.ም. ፋሲካ ሲያልፍ እሱ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

«ማንን ነው የምትልከው?»

«ሰብሳቢያችንን፣ ጋሽ ኢያቄምን። አባትሽ የእሳቸውን ቃል አይገፉም።»

በዚያው ሰሞን የለሜሳ መዝገብ መጣ። ለሜሳ የፉሪ ልጅ ነው። ላፍቶ ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን ቀኝ እጁን ቆረጠው። ፋብሪካው «የማሽኑን መከላከያ ራሱ አንስቶ ነው፤ ካሣ አይገባውም» ብሎ ድርቅ አለ። የፋብሪካው የራሱ ምስክሮች ሳይቀሩ ግን ለሜሳ ከመቀጠሩ በፊትም ያ ማሽን መከላከያ እንዳልነበረው ተናገሩ። ታዲያ ያልነበረ ነገር እንዴት ይነሳል? «ይሄማ ምን ክርክር አለው፣ ይካሣል እንጂ!» ያለው ራሱ ምትኩ ነበር።

ለውሳኔ ሲቀመጡ ቀድሞ ድምፅ የሚሰጠው ታናሹ ዳኛ ነው። ታላቁን ፈርቶ እንዳይናገር ተብሎ የተሠራ ወግ ነው። ጋሽ ኢያቄም ግን ጠዋት ሻይ ላይ «የዘንድሮ ሠራተኛ በገዛ ጥፋቱ ተጎድቶ ፋብሪካ ሊያዘጋ ነው» ሲሉ ምትኩ ሰምቷቸዋል።

«ክሱ ውድቅ ይሁን» አለ ምትኩ።

ጋሽ ኢያቄም ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ! ውዳሴ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ካሣ ይገባዋል» አለች፤ ጋሽ ኢያቄም ግን ከምትኩ ጋር ሆኑ። ሁለት ለአንድ ተሸነፈች።

«ምን ነካህ?» አለችው በረንዳው ላይ።

«ውዳሴ፣ እሑድ ቤታችሁ የሚመጡት እኮ እሳቸው ናቸው! ዛሬ ተቃውሜያቸው...»

«እና የለሜሳን እጅ ጥሎሽ አደረግህልኝ?»

«ለእኛ ብዬ ነው!»

«ለእኛ አትበል! እኔን እዚህ ውስጥ አትጨምረኝ!»

ፍርዱ በተነበበ ቀን ጋሽ ኢያቄም የአብላጫውን ውሳኔ አንብበው ጨርሰው መዝገቡን ዘጉት። «የሐሳብ ልዩነቱ ይያያዝ፤ ማንበቡ አያስፈልግም።»

«ይነበባል» አለች ውዳሴ። መዝገቡን ወደ ራሷ ስባ አነበበች። «ስሜ በተራ ቁጥር ሁለት የተጠቀሰው ዳኛ ከአብላጫው በሐሳብ ተለይቻለሁ። ጥፋቱ መከላከያ በሌለው ማሽን ላይ ሰው ያሠራው የፋብሪካው ነው። ከሳሽ ያላነሳውን ነገር አንስተሃል ተብሎ፣ እጁንም እውነቱንም አጥቶ ሊሸኝ አይገባም...»

ለሜሳ በቀረችው እጁ ዓይኑን ሸፍኖ አለቀሰ። ምትኩ ቀና ብሎ አላየውም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሀና ማርያም እነ ውዳሴ ቤት መጡ። አባቷ ጓዳ ገብተው «ልጄ፣ ምን ልበላቸው?» አሏት።

«አይሆንም በሏቸው፣ አባዬ።»

«ትወጂው አልነበር እንዴ?»

«አሁንም እወደዋለሁ!» እንባዋ ወረደ። «ግን ነገ እኔ ብጎዳ፣ የትልቅ ሰው ፊት አይቶ ነው የሚያዝንልኝ።»

ከወራት በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ለሜሳ ካሣውን አገኘ። ያን ቀን ምትኩ የችሎቱ በር ላይ ጠበቃት።

«አንቺ ልክ ነበርሽ፣ ውዴ።»

«ያኔም ታውቅ ነበር እኮ፣ ምትኩ።»

መልሱን ጠበቀች። «አላውቅም ነበር» ቢላት፣ ውሸቱን መሆኑን እያወቀች እንኳ ይቅር ልትለው ልቧ ፈልጎ ነበር። አላላትም። ጨበጠችውና ወደ ሀና ማርያም ብቻዋን ሄደች።